የሚነበበውን አነበብኩላት

ባለፈው ሐሙስ ጅማ መርካቶ አጠገብ አንድ የገንዘብ ማሽን ፊት ተሰልፌ ነበር። ሐሙስ የገበያ ቀን ነው። የሂርማታ ገበያ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ በሐሙስ ይታወቃል። ዛሬም ሐሙስ ሲሆን ባጃጁ፣ ጋሪው፣ ሰዉ ተደባልቆ መተላለፊያ ይጠፋል። ከፊቴ የቆሙት ነጭ ኮፍያ ያደረጉ፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ናቸው። ካርዳቸውን ማሽኑ ውስጥ ከተቱና ዝም ብለው ቆሙ። ማሽኑ ላይ «የሚስጥር ቁጥርዎን ያስገቡ» የሚል ጽሑፍ ወጥቷል። ዞር ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ እስቲ አንቺ ንኪልኝ። ዓይኔ እምቢ ብሏል።»

«እሺ አባባ። ቁጥሩን ግን እርስዎ ነዎት መንካት ያለብዎት። ሚስጥር ነው፤ ለሰው አይነገርም።»

ግራና ቀኝ አዩ። ከኋላዬ የተሰለፉት እርስ በርሳቸው ያወራሉ። ሽማግሌው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው አራቱን ቁጥሮች ሹክ አሉኝ። ከዚያ ቀና አሉና «ሚስጥር ስለሆነ እኮ ነው ላንቺ የነገርኩሽ» አሉ።

ገንዘባቸውን አወጣሁላቸው። ቆጥሬ አስረከብኳቸው። «አላህ ይጠብቅሽ» ብለው መርቀውኝ ወደ ገበያው ገቡ። ቁጥሮቹን እዚያው ረሳኋቸው። ንግግራቸው ግን ሳምንቱን ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣም።

ባንኩ ሚስጥር የሚለው ለማንም የማይነገረውን ነው። እሳቸው ሚስጥር የሚሉት ለሚያምኑት ሰው ብቻ የሚነግሩትን ነው። ባንኩ ልክ ነው። ቁጥራችሁን ለማንም አትንገሩ፤ ሰው በዚህ ሰበብ እየተዘረፈ ነው። አማርኛውን ካያችሁት ግን ሽማግሌውም ልክ ናቸው። «ሚስጥር አካፈለኝ» እንላለን። በጣም የምንቀርባትን ጓደኛ «ሚስጥረኛዬ ነች» እንላለን። አንድ ነገር ለብቻው ይዞ የተቀመጠን ሰው ሚስጥረኛ የሚለው የለም። ቃሉ ሁለተኛ ሰው ይፈልጋል።

ይህን የምጽፈው ቃሉን ስለምወደው ብቻ አይደለም። እኛ ቤት ከ30 ዓመት በላይ የተቀመጠ ሚስጥር ነበር። እሱን ለመጻፍ ቁጭ ባልኩ ቁጥር ቃሉ ይይዘኛል። እናም ከቃሉ ልጀምር።

ስንናገር አብዛኞቻችን «ሚስጥር» ነው የምንለው። ስንጽፍ፣ በተለይ ለመሥሪያ ቤት ስንጽፍ፣ «ምስጢር» እናደርገዋለን። ጥንታዊው የግዕዙ ነው፤ ምሥጢር፣ በንጉሡ ሠ። በአፍ ሲመላለስ ግን «ኢ» የሚለው ድምፅ ከ«ጢ» ላይ ተነሥቶ «ሚ» ላይ ተቀመጠ። አንዳንድ ሰው በዚህ ይናደዳል። እኔ አልናደድም። ቃል የሚለወጠው ሰው ሲጠቀምበት ነው፤ ይህን ቃል ደግሞ ያልተጠቀመበት የለም። እዚህ ሁለቱንም ታገኛላችሁ፤ እንደ አፌ ስጽፍ ሚስጥር፣ ረጋ ብዬ ስጽፍ ምስጢር።

ግዕዝ ቃሉን ያገኘው ከግሪክ ነው፤ «ሚስቴሪዮን» ከሚለው። የግሪኩ ቃል ሥሩ መዝጋት ነው። ዓይንን መጨፈን፣ ከንፈርን መግጠም። በጥንት ዘመን በአቴና አቅራቢያ ኤሌውሲስ በምትባል ከተማ የሚፈጸም ሥርዓተ አምልኮ ነበር። ወደዚያ የገባ ሰው ያየውን ለውጭ ሰው መናገር አይችልም። ቃሉ በዚያ አፍ መዝጋት ነው የታወቀው።

እኛ ጋ ሲደርስ ግን ሌላ ነገር ሆነ። ሰንበት ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ሁሉ አምስቱን አዕማደ ምሥጢር ይማራል። ምሥጢረ ሥላሴ፣ ምሥጢረ ሥጋዌ፣ ምሥጢረ ጥምቀት፣ ምሥጢረ ቁርባን፣ ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን። በልጅነቴ በጣቴ እየቆጠርኩ ነው የያዝኳቸው። አንድ ቀን መምህራችንን «ሚስጥር ከሆነ ለምን ይነግሩናል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ልጆቹ ሳቁ። መምህሩ አልሳቁም። «ብነግርሽም አያልቅም፤ ምሥጢር የተባለው ለዚያ ነው» አሉኝ። ያኔ አልገባኝም። አሁን ሳስበው ከዚያ የተሻለ መልስ አላገኘሁም። የቅኔ መምህርም ተማሪውን «ምሥጢሩን አየኸው?» ብሎ ይጠይቃል። ሰሙን ገልጠህ ወርቁ ላይ ደረስህ ወይ ማለቱ ነው። እዚህ ላይ ምሥጢር የሚፈለግ፣ የሚደረስበት፣ ሲደርሱበት ደስ የሚል ነገር ነው። «የወጥሽ ሚስጥር ምንድነው?» ስንባባልም ያንኑ ትርጉም ነው የምንጠቀመው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግሡ ነው። መሪጌታው ንባቡን ይዞ ሲያራቅቀው «አመሠጠረ» ይባላል። ሲያመሠጥር የተዘጋው ይከፈታል፣ የጠለቀው ይወጣል። ስልካችን ላይ ደግሞ መልእክታችን «የተመሰጠረ» ነው ይሉናል። ምስጠራ ማለት ጽሑፉን ከላኪውና ከተቀባዩ በቀር ማንም እንዳያነበው መቆለፍ ነው። አንዱ ግሥ በመሪጌታው አፍ ይከፍታል፣ በስልኩ ውስጥ ይቆልፋል። ስህተት ነው የሚሉ ይኖራሉ። እኔ ስህተት አይመስለኝም። ቃሉ ሁለቱንም ከመጀመሪያው ይዟቸው ነበር። ምስጢር ላንዱ በር ነው፣ ለሌላው ግድግዳ ነው። የሚለየው ማን ፊት እንደቆመ ነው።

አማርኛ ለተሸፈነ ነገር ብዙ ቃል አለው። ግሦቻቸውን ሳያቸው ልዩነታቸው ቁልጭ ይልልኛል። ሚስጥር ይጠበቃል፤ ካልተጠበቀ ይወጣል፣ ይባክናል። ገመና ይሸፈናል፤ ካልተሸፈነ ይገለጣል። አደራ ይመለሳል፤ ካልተመለሰ ተበላ ይባላል። ጉድ ደግሞ ማንም ሳይነካው ይፈላል። ገመና የቤት ነው። ያጡ ቀን፣ የባልና ሚስት ጠብ፣ የልጅ ጥፋት፣ እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ የሚገባው ሁሉ። ገመናህን ያየ ሰው አንተ አልነገርከውም፤ አየው እንጂ። ሚስጥርህን የያዘ ሰው ግን አንተ ነህ የመረጥከው። ይህ ልዩነት ትንሽ ይመስላል። እኔ ትልቅ ነው እላለሁ።

የሚቀመጥበትን ቦታ ደግሞ ተመልከቱ። ሚስጥር የሚቀመጠው ሆድ ውስጥ ነው። «ከሆዴ አይወጣም» እንላለን። የሚቀርበንን ሰው አግኝተን «የሆዴን አጫወትኩት» እንላለን። ሲብስ «ሆድ ይፍጀው» ብለን እንተወዋለን። እናቴ «ዝም አይነቅዝም» ማለት ትወድ ነበር። እህል ያከማቸ ሰው አባባሉን ያውቀዋል። ማሽላ ብታስቀምጥ፣ በቆሎ ብታስቀምጥ ያስፈራል። ዝምታን ግን ነቀዝ አይበላውም።

ጅማ ያደገ ሰው ይህን ቃል በአማርኛ ብቻ አይሰማውም። ኦሮምኛው «ኢጪቲ» ይለዋል። በሙስሊም ጎረቤቶቻችን ቤት «ሲር» ሲባል እሰማለሁ፤ ከዓረብኛ ነው። የአደራን ነገር ደግሞ «አማና» ይሉታል። አንድ ልጅ በአንድ ሰፈር በሦስት ቋንቋ «ለማንም እንዳትናገር» ሲባል ነው የሚያድገው። እኛ ሴት ልጆች ደግሞ አራተኛ ነበረን። በየቃሉ መሃል «ዘ» እየሰገሰግን የምናወራው የወፍ ቋንቋ። ወንዶቹ አይገባቸውም ብለን እናምን ነበር። ይገባቸው ነበር።

አሁን ወደ እናቴ ልምጣ።

ቤታችን ጅማ፣ መንደራ የሚባለው ሰፈር ነው። እናቴ እንጀራ እየጋገረች መርካቶ ላሉ ምግብ ቤቶች ታስረክብ ነበር። ከእኛ ቤት ከፍ ብሎ የአንዲት ጎረቤት ቤት አለ። እኛ ልጆች «የላይዋ እማማ» እንላቸው ነበር፤ ዛሬም እንደዚያው ነው የምላቸው። ሙስሊም ናቸው። እናቴ ኦርቶዶክስ ነበረች። ለፋሲካ እናቴ የእሳቸውን ዶሮ በሙስሊም እጅ አሳርዳ፣ በሌላ ድስት ለብቻ ሠርታ ትልክላቸው ነበር። ለኢድ እሳቸውም የእኛን እንዲሁ ያደርጋሉ። ይህ እኛ ሰፈር አዲስ ነገር አይደለም፤ ስለዚህ አላረዝመውም።

የላይዋ እማማ ማንበብና መጻፍ የተማሩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ቤት ውስጥ ሦስት ልጅ አስቀምጠው፣ ማታ ማታ ቀበሌ እየሄዱ ተማሩ። ያኔ ኦሮምኛውም አማርኛውም የሚማሩበት በዚሁ በእኛ ፊደል ነበር። ሁለቱንም ያነባሉ። የምስክር ወረቀታቸው ዛሬም በመስተዋት ገብቶ ግድግዳቸው ላይ ተሰቅሏል።

ታላቅ ወንድሜ በ1979 ዓ.ም. ለብሔራዊ ውትድርና ሄደ። ወደ ሰሜን ነው የተላከው። እኔ ገና ሰባት ዓመቴ ነበር። ደብዳቤ በሁለት በሦስት ወር አንዴ ይመጣል። ደብዳቤ የመጣ ቀን ቤታችን ሥርዓት ነበረው። እናቴ ፖስታውን ነጠላዋ ውስጥ ታስገባዋለች። ቡና ይቆላል። የላይዋ እማማ ይመጣሉ። እኛ «ውጡና ተጫወቱ» እንባላለን። በሩ ገርበብ ይላል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪያልቅ አንገባም። ወሬ የሚያወሩ ይመስለን ነበር።

ማታ ደግሞ አምፖሉ ሥር እንሰበሰባለን። እናቴ ደብዳቤውን አውጥታ ዘርግታ ታነብልናለች። «ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከናፍቆት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።» ጣቷ በመስመሩ ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል። ጣቷን ዛሬም አየዋለሁ። ከምጣድ ጋር ሲታገል የኖረ፣ ጫፉ የጠነከረ ሌባ ጣት። አንዳንዴ ጣቷ ከገጹ ግርጌ ይደርሳል፤ ንባቡ ግን ገና አላለቀም። ያኔ ጣቷ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይመለሳል። ይህን አይቻለሁ። ልጅ ስለነበርኩ ትልቅ ሰው ሲያነብ እንደዚያ የሚያደርግ መስሎኝ ነበር።

እኔ ማንበብ ስጀምር ደብዳቤው ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ መቆለፍ ጀመረ። «የትልቅ ሰው ደብዳቤ ልጅ አያነብም» አለች። እሺ አልኩ።

ወንድሜ በ1983 ዓ.ም. ተመለሰ። እያነከሰ ነው የመጣው። ቤቱ በሰው ተጨናንቆ ነበር። እልልታ፣ ለቅሶ፣ ቄጠማ፣ ቡና። እናቴ እግሩን ስታይ ጮኸች። «ምን ሆንክብኝ? እግርህን ምን ሆንክ?» አለች። ወንድሜ ቀና ብሎ አያት። ያን አስተያየት ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ሳስበው ኖሬአለሁ፤ የተገረመም የተቀየመም ይመስል ነበር። አፉን ከፍቶ ሊናገር ሲል የላይዋ እማማ «ዋናው በእግሩ መምጣቱ ነው! ውሃ አምጡለት!» ብለው አቋረጡት። ነገሩ በዚያው አለፈ። ወንድሜ ወር ሳይቆይ አዲስ አበባ ሄደና እዚያው ቀረ። ለእናቴ ገንዘብ ይልካል፣ ለበዓል ይደውላል። ጅማ ግን እምብዛም አይመጣም ነበር።

እናቴ ካረፈች አራት ዓመት ሆናት። ከተዝካሩ በኋላ የቤቱን ወረቀት ስፈልግ ቆርቆሮ ሳጥኑን ከፈትኩት። መጀመሪያ ያገኘሁት አንድ አሮጌ ውል ነው። ግርጌው ላይ የእናቴ ስም በሌላ ሰው እጅ ተጽፏል። ከስሟ አጠገብ ወይን ጠጅ ቀለም የነካው የአውራ ጣት አሻራ አለ።

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ለረጅም ሰዓት አሻራውን ብቻ አየሁ። ከዚያ ሁሉም ነገር ተራ በተራ መጣ። ነጠላ ውስጥ የገባው ፖስታ። የተገረበበው በር። ከግርጌ ወደ ላይ የሚመለሰው ጣት። እናቴ ደብዳቤውን አንድ ጊዜ ሰምታ፣ በቃሏ ይዛ፣ ማታ «ታነብልን» ነበር። ቃል በቃል። እኔ የተማርኩት ልጇ ይህን ሳላውቅ 40 ዓመት ኖርኩ።

ከዚያ ደብዳቤዎቹን አነበብኩ። የ1981ዱ ላይ ስደርስ ቆምኩ። እንደ ሁልጊዜው «ከናፍቆት በቀር ደህና ነኝ» ብሎ ይጀምራል። ያ አባባል ራሱ ስንት ነገር ሸፍኗል! የዚያን ዘመን ደብዳቤ ሁሉ በዚህ ቃል ነበር የሚጀመረው፤ የታመመም የተራበም ከናፍቆት በቀር ደህና ነው። ከአራት መስመር በኋላ ግን ወንድሜ እንዲህ ይላል። ቀኝ እግሬን ተመትቼ ሆስፒታል ተኝቻለሁ፣ ሁለት ጊዜ ቀደውኛል፣ አትደንግጪ፣ ግን ጸልዪልኝ። ስድስት መስመር ነው። እነዚያን ስድስት መስመሮች እናቴ አላነበበችልንም። እሷም አልሰማቻቸውም።

በማግስቱ ደብዳቤውን ይዤ ወደ ላይ ወጣሁ። ዝናብ ነበር፤ የጅማ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ መነጋገር አይቻልም። የላይዋ እማማ ቡና እያፈሉ ነው። የተቀመጡባት ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለች፣ ምስማር ያልነካት ናት። እሳቸው ከኖሩበት ዘመን ብዙውን አብራቸው ኖራለች። ዝናቡ እስኪያባራ ጠበቅኩ። ከዚያ ወረቀቱን ሰጠኋቸው።

«ይህን እርስዎ ነዎት ያነበቡላት?»

ራቅ አድርገው ያዙት። «የወንድምሽ እጅ ጽሑፍ ድሮም ቆንጆ ነው» አሉ።

«እማማ፣ እናቴ ማንበብ አትችልም ነበር አይደል?»

ጀበናውን አነሱ። «ቡናው እየቀዘቀዘ ነው፤ ጠጪ።»

«እማማ፣ እሷ እኮ ሞታለች።»

«እኔ አልሞትኩም» አሉ።

ሌላ አልተናገሩም። ቶናውን ቀዱ። እኔም ጠጣሁ። የሰፈሩን ወሬ አወራን፣ የልጅ ልጃቸውን ፈተና አወራን። በረካው ላይ ደርሰን ተስፋ ከቆረጥኩ በኋላ ድጋሚ ሞከርኩ። «የእግሩን ነገር ብቻ ይንገሩኝ። አንብበውላታል?»

«አንብቤላታለሁ።»

«ሁሉንም?»

ዓይናቸውን ከረከቦቱ ሳያነሱ «የሚነበበውን አነበብኩላት» አሉ።

በዚህች አንዲት ቃል ሁለቱንም ጥያቄ መለሱልኝ። ከዚያ ደብዳቤውን አጣጥፈው መለሱልኝና ግራና ቀኝ አዩ። ቤቱ ውስጥ ከእኛ ሌላ ሰው አልነበረም። «ልብ በይ ልጄ። ሰው አንድ ነገር ነግሮሽ ዞር ዞር ብሎ ካየ፣ ያ አማና ነው ብለዋል ነቢያችን። አደራ በይ ባይልሽም አደራ ነው። እናትሽ ይህን ነገር የነገረችኝ ቀን ሦስቴ ነው የዞረችው» አሉ። ቀጥለውም «ለወንድምሽ እንዳታሳዪው» አሉኝ።

ለወራት ስከራከር ቆየሁ፤ ከራሴ ጋር። የእናቴን ሚስጥር መጠበቃቸውን አልጠይቅም። እንዲያውም እግራቸው ሥር ብሰግድ አይበዛም። የዘለሏቸው ስድስት መስመሮች ግን ሚስጥር ናቸው ወይ? ወንድሜ ለእናቱ ነው የጻፋቸው። አልደብቅም ብሎ ነው የጻፋቸው። እናቴም ብትሰማ ኖሮ ትጸልይለት ነበር፤ ጸልዪልኝ ነው ያላት። የላይዋ እማማ ልቧ አይችልም ብለው ሰጉ። ደም ብዛት ነበረባት። ምጣድ ፊት ስትወድቅ አንድ ጊዜ አይተዋታል። በፍቅር ነው ያደረጉት፤ በዚህ ጥርጥር የለኝም። ግን የሰው ነገር ነው የያዙት።

ያኔ ነው አንድ ጥያቄ የያዘኝ። ሚስጥር በተባለ ቁጥር አሁን የምጠይቀው እሱን ነው። የማን ነው?

ባንኩ «የሚስጥር ቁጥርዎ» ይላል፤ «ዎ» የምትለዋ ፊደል ባለቤቱን ትናገራለች። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 ላይ የምርጫ ድምፅ በምስጢር እንደሚሰጥ ይደነግጋል። ያ ምስጢር የመራጩ ነው። ከፈለግሁ ማንን እንደመረጥኩ ለጎረቤቴ መንገር እችላለሁ፤ ሌላው ግን ሊያስገድደኝ አይችልም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በሥራው ያገኘውን የሙያ ምስጢር የሚያወጣን ሰው ይቀጣል። ሐኪሙ የያዘው የታካሚውን ነው፤ የራሱን አይደለም። አንድ ጊዜ እኔ ራሴ ለምርመራ ሄጄ፣ ውጤት የምትሰጠው ልጅ ስሜንና የተመረመርኩትን ነገር በኮሪደሩ ላይ ጮኻ ጠራች። ምንም አልነበረብኝም። ግን ሃያ ሰው ፊት ራቁቴን የቆምኩ ነው የመሰለኝ። ልጅቷ ክፋት አልነበረባትም፤ ቸኩላ ነው። የእኔ መሆኑ ትዝ አላላትም። ያ ብቻ ነው ያስቀየመኝ።

ወረቀት ላይ «ጥብቅ ምስጢር» የሚል ማኅተም ሳይም እንዲሁ እጠይቃለሁ። ሀገር የሚጠበቅበት ነገር አለ፤ እሱ ይታተምበት። የሕዝብ ገንዘብ የት እንደገባ የሚናገር ወረቀት ላይ ሲያርፍ ግን ቃሉ ራሱ የተበደለ ይመስለኛል። እሱ ድብቅ ነው። ለድብቅ ነገር የራሱ ቃል አለው። ምስጢር የሚለውን አታውሱት።

ስለዚህ ደብዳቤውን ለወንድሜ አሳየሁት። የላይዋ እማማን ቃል አፈረስኩ። አስቤበት ነው፤ ዛሬም ልክ ነበርኩ እላለሁ። የእናቴ ሚስጥር የእናቴ ነው። የእግሩ ነገር ግን የእሱ ነው።

አዲስ አበባ ቤቱ ሄድኩ። ደብዳቤውን አየው። አላነበበውም፤ የራሱ ጽሑፍ ነው። «ይህን አልሰማችም» አልኩት። ማንበብ እንደማትችል ነገርኩት። ማን ታነብላት እንደነበር ነገርኩት። ብዙ ደቂቃ ዝም አለ።

«ዳዊቱስ?» አለኝ በመጨረሻ። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ዳዊቷን ታቅፋ ነበር። ገልጣ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትቆም ነበር።

«ዳዊቱም» አልኩት።

ያኔ ነው የነገረኝ። ከእሷ የመጣለትን መልስ እስኪቀደድ ድረስ ደጋግሞ አንብቦታል። የጎረቤት ሰላምታ አለበት። የላሟ መውለድ አለበት። ስለ እግሩ አንድ ቃል የለም። ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ በወረቀቱ ጀርባ ሳይቀር ፈልጓል። ሲመለስ ደግሞ «ምን ሆንክብኝ?» ብላ ስትጮህ ያስመሰለች መሰለው። ቤቱ በሰው ተሞልቶ ስለነበር ዝም አለ። ዝም እንዳለ ቀረ። እናቱን ቀብሮ እንኳ ቂሙን ይዞት ነበር።

ይህን ከመጻፌ በፊት ሁለቱንም ጠይቄአለሁ። ወንድሜ «ጻፊው» አለኝ። የላይዋ እማማ ደግሞ ትንሽ አሰቡና «የእናትሽን ስም አትጥሪ፤ ማንበብ ብትችል ከማናችንም በላይ ታነብ ነበር ብለሽ ጻፊ» አሉኝ። ጻፍኩላቸው።

ባለፈው ክረምት ወንድሜ ጅማ መጣ። ለስንት ዓመት ያልመጣው ሰው ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ወደ ላይ ወጣ፤ እኔም ተከተልኩት። የላይዋ እማማ ሲያዩት ተነሥተው ሳሙት። ስለ ደብዳቤው ማንም አላነሣም። በርጩማቸውን ለእሱ ለቀቁለት። ዝቅ ያለች ስለሆነች ቀኝ እግሩን መዘርጋት ነበረበት። እማማ ሳያዩት፣ ከሰል እያራገቡ፣ በሌላ እጃቸው ትራስ ስበው እግሩ ሥር አስገቡለት። አቦሉን ለእሱ ቀዱለት።

በረካው ላይ ስንደርስ ወንድሜ ስኒውን አስቀመጠ። ግራና ቀኝ አየ። ከዚያ ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አለ።

እኔ ስኒዎቹን ሰብስቤ ወደ ጓዳ ገባሁ።